የትዳር ጓደኛቸውን ያጡ አረጋውያንና የጤንነት ልማዳቸው

በአገራችን ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጎረቤትና ዘመድ የሚያሳየው ትብብር እጅግ የሚያስመሰግን ነው። የዕድሩ ጡሩምባ እንደ ተነፋ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ምንጣፍ ይመጣል፤ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሐዘንተኛውም ብቻውን እንዳይሆን አብረውት የሚያድሩ አይታጡም። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት የሚታየው ይኸው ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ድንኳኑ ይነሣል፤ ወንበሩ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ይመለሳል፤ ከአዲስ አበባና ከሌላም ከተማ የመጡት ልጆች ሥራቸውና ንግዳቸው ስለሚጠብቃቸው ተሰናብተው ይሄዳሉ። በቤቱ ውስጥ የሚቀሩት አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ብቻ ይሆናሉ። በዚህ ወር ጽሑፋችን ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ልናስረዳ የፈለግነው፣ ከዚያ ቀን አንሥቶ የሐዘንተኛው ጤንነት በምን መንገድ ሊጎዳ እንደሚችልና ጉዳቱን ለመከላከል ከእያንዳንዳችን ምን እንደሚጠበቅ ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ሐዘን ራሱ በሽታ አለመሆኑ ነው። ለ30ና ለ40 ዓመት አብሮ የኖረን ሰው ማልቀስ ተገቢ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ዳሩ ግን ባልና ሚስት ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ መብላትና መጠጣት፣ መታጠብና ልብስ መለወጥ፣ መድኃኒት መዋጥ፣ መተኛትና መነሣት የሁለቱ የጋራ ሥራ ይሆናሉ። አንዱ ያበስላል፣ ሌላው ይገዛል፤ አንዱ ያስታውሳል፣ ሌላው ይፈጽማል። ስለዚህ አንደኛው ሲሞት ሌላው የሚያጣው የኑሮ ጓደኛውን ብቻ ሳይሆን ጤንነቱን ሲጠብቅበት የኖረውን ሥርዓት ጭምር ነው። ሐዘኑን ሌላ ሰው ሊሸከምለት አይችልም፤ የፈረሰውን ሥርዓት ግን ልጆች፣ ጎረቤቶችና ዕድርተኞች ተባብረው ሊጠግኑት ይችላሉ።

የሐኪሞች ጥናት የሚያስረዳው

የትዳር ጓደኛ መሞት የቀሪውን ዕድሜ ሊያሳጥር እንደሚችል ሐኪሞች ማጥናት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ፋር እ.ኤ.አ. በ1858 ዓ.ም. የፈረንሳይን ሕዝብ የሞት ቁጥር መርምሮ፣ በትዳር የሚኖሩት ሰዎች ሞት ሲያንስ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ግን ይበልጥ ይሞቱ እንደ ነበር አመለከተ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውንና ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የነበረውን 4,486 ወንዶች ተመራማሪዎች ለ9 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት ከነዚህ ውስጥ 213ቱ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ሞቱ። ይህም በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ካሉ ባለትዳር ወንዶች ከሚጠበቀው በ40 በመቶ የበለጠ ነበር። ብዙዎቹን የገደላቸው የልብ በሽታ ሲሆን፣ ከ6 ወር በኋላ የሞቱ ቁጥር ቀስ በቀስ እየቀነሰ ወደ ሌሎቹ ተጠጋ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሆልምስና ራሄ የሰውን ኑሮ የሚያናውጡ 43 ነገሮችን በደረጃ ሲያስቀምጡ፣ የመጀመሪያውን ስፍራና 100 ነጥብ የሰጡት ለትዳር ጓደኛ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች በድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ምክንያት የልብ ጡንቻ ለጊዜው የሚደክምበትን አንድ ሕመም ገለጹ። ይህ ሕመም ይበልጡን የሚታየው ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ነው፤ ይኸውም ለቅሶ ደራሹ ተመልሶ ሁሉም ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ያለው ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለተኛ፣ ሐዘን ሰውነትን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል እንቅልፍ በማሳጣትና የደም ግፊትን ከፍ በማድረግ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የዕለት ልማድን በማበላሸት ነው። የመጀመሪያው የሐኪም ሥራ ሲሆን፣ የሁለተኛው ግን አብዛኛው በእጃችን ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ የአረጋውያን ኑሮ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። የነዋሪዎቻቸው የኑሮ ልማድ ግን እጅግ ይቀራረባል።

የጉራጌ ሰው ለሥራና ለንግድ ከአገሩ ርቆ በመሄድ የታወቀ ነው። ባል አዲስ አበባ ሲነግድ ሚስት እንሰቱንና ቤቱን ስትጠብቅ፣ በመስቀል ወይም በዓረፋ ሲገናኙ የኖሩ ባልና ሚስት ብዙዎች ናቸው። ሥራውም የተከፋፈለ ነው፤ እንሰቱን የሚተክልና የሚያዛውር ወንዱ ሲሆን፣ የሚፍቀው፣ በጉድጓድ አብላልቶ ቆጮውን የሚያዘጋጀውና የሚጋግረው ሴቷ ናት። እንግዲህ በስተርጅና ሞት ሲለያያቸው ጉዳቱ በባልና በሚስት ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ሚስት የሞተችበት አረጋዊ ገበያውንና መሥሪያ ቤቱን ያውቃል፤ ጓዳውን ግን አያውቅም። ብዙው የዘመኑ ሰው ምድጃ አጠገብ መቀመጥን እንደ ነውር ሲቆጥረው ኖሯል። ባል የሞተባት አረጋዊት ደግሞ ማብሰሉንና ማጠቡን ታውቅበታለች፤ ይሁን እንጂ ገቢው ይቀንስባታል፤ ከቀበሌ፣ ከጡረታ መሥሪያ ቤትና ከጤና ጣቢያ ጋር ይጻጻፍና ይነጋገር የነበረውም ባሏ ስለ ነበር ለራሷ ጉዳይ የሚቆምላት ታጣለች። ስለዚህ የሚደረገው እርዳታ ለእያንዳንዳቸው እንደሚጎድላቸው መሆን አለበት።

ስለ ምግብና ስለ ውሃ

ከልማዶች ሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው አመጋገብ ነው። ወንዱ ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ ማታም ሻይና ዳቦ በልቶ ይተኛል፤ የስኳር ሕመም ያለበት እንደ ሆነ ሻይ ቤት ውስጥ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይ ሕመሙን ያባብስበታል። ሴቷ ደግሞ «ለአንድ ራሴ ብዬ ምን እሳት አነዳለሁ» ትልና አንድ ቀን የጋገረችውን ቆጮ ሦስት ቀን በሚጥሚጣ ትበላለች። ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሥጋን የሚገነባው ፕሮቲን በውስጡ በጣም ጥቂት ነው። በአገራችን ልማድ ቆጮ ከአይብ፣ ከጎመንና ከሥጋ ጋር የሚበላውም ያለ ምክንያት አይደለም። አረጋዊ ሰው ከቆጮው ጋር አይብ ወይም ወተት፣ እንቁላል፣ ሽሮ ወይም ባቄላ፣ እንዲሁም ጎመን ካላገኘ ጡንቻው ይመነምናል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በቀላሉም ይወድቃል።

ስለ ጨውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምግብ የማይጣፍጠው ሐዘንተኛ ጨውና በርበሬ ማብዛት ይቀናዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው በቂ መሆኑን ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በቡና ውስጥ የሚጨመረውም ጨው በዚሁ ውስጥ ሊቆጠር ይገባዋል።

ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይደክማል። በዚህ ላይ ሌሊት ብቻውን ወደ ሽንት ቤት መውጣትን የሚፈራ አረጋዊ ሆን ብሎ ውሃ መጠጣት ይተዋል። ከዚህም የተነሣ የሆድ ድርቀት፣ ራስ ማዞርና የሽንት ሕመም ይከተላሉ። መድኃኒቱ ውሃ መተው ሳይሆን፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ ደጋግሞ መጠጣት፣ ሌሊት ደግሞ የእጅ ባትሪ፣ ምርኩዝና በአልጋው አጠገብ ክዳን ያለው ፖፖ ማዘጋጀት ነው። 20 ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን ሁለት ሰው ሆኖ ያነሣ የነበረ አረጋዊ ብቻውን ሲሆን ስለሚከብደው የውሃ ፍጆታውን ይቀንሳል። 5 ሊትር የምትይዝ ንጹሕ ጀሪካን በየቀኑ ሞልቶ የሚያስቀምጥለት ልጅ ከጎረቤት ቢገኝ ለመጠጡም ለእጅ መታጠቢያውም ይበቃዋል።

«ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ስለ ስስት ቢሆንም፣ ለአረጋውያን ጤንነትም ይሠራል። ከሰው ጋር የተቀመጠ ሰው ሳይርበው እንኳ ይቀምሳል፤ ብቻውን ያለ ግን ርቦትም ይተወዋል።

ስለ ገላና ስለ ልብስ ንጽሕና

በሐዘን ጊዜ መታጠብንና ልብስ መለወጥን መተው፣ መሬት ላይ መተኛትና ፀጉርን አለመንከባከብ በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። የሐዘን ልብስ መልበስ የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ሆኖም አንድ ጥቁር ልብስ ዓመቱን ሙሉ ሳይታጠብ ከሰውነት ጋር ሲኖር ቅማልና እከክ ያመጣል። ስለዚህ ጥቁር የሚለብሱ ሁሉ ሁለት ልብስ ይኑራቸው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። እንዲሁም አረጋዊ ሰው በቀዝቃዛ መሬት ላይ ብዙ ሌሊት መተኛት አይገባውም፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ይብስበታል፤ ለመነሣትም ይቸገራል። ፍራሽ ወይም ወፍራም ጅባ ቢነጠፍለት ሐዘኑ አይቀንስበትም።

ሌላው በቀላሉ የማይታሰበው ነገር የሌላ ሰው ዓይን ጥቅም ነው። ሚስት የባሏን ጀርባ ስታጥብ ቁስል ታያለች፤ ባል የሚስቱ ቀሚስ እንደ ሰፋት አይቶ መክሳቷን ያውቃል። በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግሩ ስሜት ስለሚደነዝዝ እሾህ ቢወጋው ወይም ጫማ ቢልጠው አይሰማውም፤ ጎንበስ ብሎ ውስጥ እግሩን ማየትም ይሳነዋል። ይህን ያይለት የነበረው ሰው ከሞተ በኋላ አንዲት ትንሽ ቁስል አድራና ከፍታ እግር እስከ ማስቆረጥ ልታደርስ ትችላለች። ስለዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በየማታው እግር ማጠብን ልማድ ቢያደርግ፣ የቆየውን የአክብሮት ባህላችንን ከሕክምና ጋር አንድ ላይ ይፈጽማል።

ከዚሁ ጋር የከሰልን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ብቻውን የሚተኛ አረጋዊ ብርዱን ፈርቶ በር ዘግቶ ከሰል እያነደደ ያድራል። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ የሌለውና በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው የሚገድል ነው። ከመተኛት በፊት ምድጃው ከቤት መውጣት አለበት።

ስለ መድኃኒት

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየቀኑ በሰዓቱ ካልተወሰደ ጥቅሙ ይጓደላል። በብዙ ቤት ሰዓቱን የምታስታውሰው ሚስት፣ የቀጠሮውን ካርድ የሚያነበው ደግሞ ባል ነው። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ኢንሱሊን ለክቶ የሚወጋላቸው የትዳር ጓደኛቸው የሆነበት ቤትም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ምትክ መፈለግ ይገባል። ይህ የሚሆነው ከአርባው ወይም ከሰደቃው በኋላ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሦስትና አራት ቀን መድኃኒት ሳይወስድ የቀረ የስኳር ሕመምተኛ በዚያው ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ነገሮች ቤተ ዘመዱ ሁሉ ቢያውቃቸው መልካም ነው።

1ኛ. ሟቹ ትቶት የሄደውን መድኃኒት ቀሪው ሰው ሊውጠው አይገባም። «እሱም የደም ግፊት ነበረበት፣ እኔም አለብኝ» ማለት አይበቃም፤ መድኃኒቱም መጠኑም የተለያየ ሊሆን ይችላል። የተረፈው ለጤና ጣቢያ ወይም ለመድኃኒት ቤት ይመለስ።

2ኛ. ሟቹ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ከሆነ፣ በዚያ ቤት የነበሩ ሁሉ ባይታመሙም መመርመር አለባቸው። ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየበት ሰው ደግሞ ለአንድ ቀንም መዘግየት የለበትም።

3ኛ. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ በየዓመቱ የሚታደስ ስለ ሆነ፣ የቤቱ አባወራ ሲሞት በቸልታ እንዳይቋረጥ ይታሰብበት። ጡረታ ይቀበል የነበረ ሰው ሲሞትም ለቀሪው የትዳር ጓደኛ የሚከፈል የተተኪ አበል ስላለ፣ ማስረጃው ሳይዘገይ ቢቀርብ የምግብና የመድኃኒት ችግር እንዳይከተል ይረዳል።

ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት በሃይማኖቷ ሥርዓት አራት ወር ከአሥር ቀን የኢዳ ጊዜዋን በቤቷ ትጠብቃለች። ይህ ሥርዓት ለሕክምና መውጣትን የማይከለክል መሆኑን የሃይማኖቱ መምህራን ስለሚያስረዱ፣ ቀጠሮ ያላት ሴት እንዳትቀር ቤተሰቡ ሊያበረታታት ይገባል። በክርስቲያኑም በኩል የታመመና የደከመ ሰው ስለ ጾም የንስሐ አባቱን ማማከር ይችላል።

ስለ ጫትና ስለ አረቄ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ በ9 የገበሬ ማኅበራትና በ1 የከተማ ቀበሌ የሕዝቡን ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። ከዚህ መዝገብ የተነሡ ብዙ የጤና ጥናቶች ተሠርተዋል። ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ታትሞ የወጣውና 10,468 አዋቂዎች የተጠየቁበት የጫት ጥናት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከተጠየቁት ውስጥ ግማሾቹ ጫት የሚቅሙ ነበሩ።

ይህን ያነሣነው ለነቀፋ አይደለም። ሐዘንተኛ አረጋዊ ወደ ጫት ወይም ወደ አረቄ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ፍለጋ ነው፤ ጨዋታ ያለው እዚያ ስለ ሆነ ነው። ይሁን እንጂ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ሐዘንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲደረቡ ልብን ያደክማሉ። አረቄም ለጊዜው እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ያባንናል፤ ከመድኃኒት ጋር ሲገናኝም አደጋ ያደርሳል። አንድን አረጋዊ «ተው» ብሎ መገሠጽ ብቻውን ፍሬ የለውም። በዚያ ሰዓት ሌላ የሚሄድበት ቤትና የሚያጫውተው ሰው ሲያገኝ ግን በገዛ ራሱ ይቀንሳል።

ሐዘን ወደ ሕመም ሲለወጥ

ሐዘን ከቀን ወደ ቀን እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳልም፤ ሰውየው በመካከሉ ይስቃል፣ ይበላል፣ ሥራውን ያስባል። የሰው ሐዘን ልኩ በዘመን የሚቆረጥ ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ ከ6 ወር በላይ ሳይለዝብ የቆየና የዕለት ኑሮን ያገደ ሐዘንን ሕክምና እንደሚያስፈልገው ሕመም ቆጥሮታል።

ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች የታዩበት አረጋዊ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባዋል፤

ሀ. ልብሱ እስኪሰፋው የከሳ፤
ለ. ለ2 ሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ ከሰውም የሸሸ፤
ሐ. የጀመረውን መድኃኒት ያቋረጠ፤
መ. ደረቱን የሚወጋው፣ የሚያዞረው ወይም በድንገት ንግግሩ የተምታታበት፤
ሠ. «ከእንግዲህ መኖር ለምኔ» እያለ ደጋግሞ የሚናገር።

በመጨረሻ የተጠቀሰው ምልክት የታየበትን ሰው ለብቻው መተው አይገባም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ያስፈልጋል። «ያረጀ ሰው ሞት መመኘቱ ያለ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። የአእምሮ ጭንቀት የሚታከመው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው የሚለውም ሐሳብ ትክክል አይደለም። በዚሁ በጉራጌ አገር፣ በሶዶ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ፕራይም በተባለው ሥራ፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምን ከሌላው ሕመም ጋር አብረው እንዲያክሙ ተደርጓል።

ከመምህራንና ከዕድርተኞች የሚጠበቀው

ብዙ ጸሐፊዎች የዕድርን አጀማመር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ከመጡት የጉራጌ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ጋር ያያይዙታል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘቡን አዋጥቶ የአገሩን መንገድ ለመሥራት የተደራጀውም ይኸው ሕዝብ ነው። እንግዲህ ለሙት የሚደረገውን ትብብር ለቀሪው ማድረስ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ዕድር አባሉን ከቀበረ በኋላ ለ6 ወር ያህል ቀሪውን የሚጠይቁ ሁለት ሰዎችን ይመድብ፤ ቢቻል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይሁኑ። እነዚህ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ «ትናንት ምን በሉ? መድኃኒትዎን ወሰዱ? ማን መጥቶ ጠየቀዎ?»። መልሱ ሦስት ሳምንት በተከታታይ የማያጠግብ ከሆነ ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም ይጥሩ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ለተዝካር ወይም ለሰደቃ ከሚወጣው ላይ ጥቂቱ ለቀሪው ወተትና እንቁላል መግዣ ቢቀመጥ ደግሞ የሟቹን ነፍስ የሚያስከፋ አይመስለንም።

መምህራን በዚህ ረገድ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። ተማሪዎች በሰፈራቸው ላሉ አረጋውያን የቀጠሮ ካርድ እንዲያነቡላቸው፣ ውሃ እንዲሞሉላቸው፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በትልልቅ ፊደል ጽፈው በግድግዳ ላይ እንዲለጥፉላቸው ማድረግ የግብረ ገብም የንጽሕናም ትምህርት ነው። በጡረታ ላይ ያሉ መምህራን ሐዘን የደረሰባቸው እንደ ሆነ ደግሞ ለተማሪ ንባብ እንዲያስረዱ መጋበዝ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ የሚጠበቅበት ስፍራ ያለው ሰው ጠዋት ይታጠባል፣ ልብሱን ይለውጣል፣ ቁርሱንም ይበላል።

በአዲስ አበባና በሌላ አገር ለሚኖሩ ልጆች የምንለው ይህ ነው፤ በስልክ «ደኅና ነሽ ወይ» ስትባል እናት ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ትላለች። ስለዚህ ስለ ደኅንነቷ ሳይሆን ስለ ምግቧና ስለ ቀጠሮዋ ጠይቋት። ለመስቀል ወይም ለዓረፋ ስትመጡ ከልብስና ከስጦታ ሌላ፣ ክብደቷን አስለኩ፤ የመድኃኒቷን ዕቃ ክፈቱ፤ ዓይኗ ደክሞ እንደ ሆነ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷት። አባታችሁንም ሽሮ መሥራትና እንቁላል መቀቀል ብታስተምሩት አያፍርበትም፤ ለራሱ ምግብ ማዘጋጀት የቻለ አረጋዊ የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ይኖራል።

ለሐዘንተኞቹም ለራሳቸው የምንናገረው አለን። የባለቤትዎን ልማድ መቀጠል ባለቤትዎን እንደ ማክበር ይቁጠሩት። እርስዎ እንዲበሉ፣ እንዲታጠቡና መድኃኒትዎን እንዲወስዱ ለስንት ዘመን ደክመዋል፤ ያን ድካም ከንቱ አያድርጉት። ቡናውንም በቀድሞው ሰዓት ያፍሉት፤ የጎደለውን ስኒ የሚጠጣ ጎረቤት ይጥሩ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ለሌላው ያደርግ የነበረውን ጥቃቅን ሥራ ሁሉ አንድ ልጅ ወይም አንድ ጎረቤት ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም። ሲከፋፈሉት ግን አንዱ ውሃ መሙላት፣ ሌላው ካርድ ማንበብ፣ ሦስተኛው በምሳ ሰዓት በር ማንኳኳት ይሆናል። ድንኳኑን ለመትከል የፈጠነው እጅ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም ያን በር ማንኳኳቱን እንዳይተው አደራ እንላለን።